የጋሽ ታፈሰ የእርሳስ ነጥብ

ጋሽ ታፈሰ ያችን ነጥብ መቼ ነው ያደረጓት? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ነጥቧ ያለችው በአንድ የቃለ መሐላ ግልባጭ ላይ፣ ከአራተኛው ዓረፍተ ነገር በስተግራ፣ በኅዳጉ ላይ ነው። ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። ጋሽ ታፈሰ የአንድ ጽሑፍ አንዱ ቦታ ሲጎረብጣቸው አያሰምሩበትም፣ አይከቡትም፤ በእርሳስ ነጥብ አድርገውበት ያልፉና ኋላ ተመልሰው ይጠይቃሉ። ስለዚህችኛዋ ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ያገኘኋት እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ሲግናል ሰፈር የነበረውን ቢሯችንን ለመልቀቅ መደርደሪያውን ሳራግፍ ነው። አራተኛውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እንዴት እዚያ ቢሮ እንደደረስኩ ልናገር።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አብረውኝ የሚማሩት ሕፃናት «እትዬ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን በማታው ክፍል ስጨርስ፣ አክሲዮን ማኅበራት ሰነዳቸውን በሚያስመዘግቡበት አንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። ደመወዙ ለታክሲና በወር ለአንድ አሮጌ መጽሐፍ ይበቃል። አለቃዬ ወይዘሮ ዓለሚቱ ደግ ሴት ነበሩ፤ ሠራተኛ ሲያነብ ማየት ብቻ አይወዱም።

«ጽጌ፣ ፋይል ይቀመጣል እንጂ አይነበብም!»

«እሺ እትዬ።»

«እሺ ትያለሽ፤ ዘወር ስል ደግሞ ታነቢያለሽ።»

አነብ ነበር። ምሳ ሲወጡ ቃለ ጉባኤዎቹን እያወጣሁ አነባለሁ። ተቃቅፈው ማኅበር የመሠረቱ ሰዎች በሦስተኛው ዓመት በጠበቃ ሲነጋገሩ፣ በመጀመሪያው ገጽ «ወንድማችን» የተባለው ሰው በመጨረሻው «ተከሳሽ» ሲባል ማየት ከየትኛውም ታሪክ ይልቅ ይይዘኝ ነበር።

ጋሽ ታፈሰን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ቀጭን፣ አንገታቸውን ሰበር የሚያደርጉ ጠበቃ ነበሩ፤ በኮታቸው የደረት ኪስ ሦስት እርሳስና በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አይጠፋም። አንድ ቀን የአንድ ማኅበር ቃለ ጉባኤ አስወጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያነቡ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሦስተኛው ገጽ ከሌሎቹ ጋር የመጣ አይደለም» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «በምን አወቅሽ?»

«ሌሎቹ ላይ የስቴፕለሩ ቀዳዳ አራት ነው። አንዴ ተፈትተው እንደገና ተመትተዋል። ሦስተኛው ላይ ግን ሁለት ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ቆጠሩ። «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ፋይል አይነበብም ስለተባልኩ ቀዳዳውን አያለሁ።»

ሳቃቸው ወይዘሮ ዓለሚቱን ከውስጥ ክፍል አስወጣቸው። በሁለተኛው ወር ሲግናል፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ባለች ባለሁለት ክፍል ቢሮ የጋሽ ታፈሰ ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ፤ እስከ ጡረታዬም ከዚያ አልወጣሁም።

የቢሮው ዋና ሥራ ትንንሽ ድርሻ ያላቸው ባለአክሲዮኖች ማኅበራቸውን ከሚመራው የዳይሬክተሮች ቦርድ ጋር የሚገቡበት ክርክር ነበር። ስብሰባ ሳይጠሩ ቀሩ፤ ሒሳብ አላሳየንም አሉ፤ ለራሳቸው አዲስ አክሲዮን አወጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ጋሽ ታፈሰ ግን ዳይሬክተሮችን አይጠሉም ነበር፤ ለእነሱም ቆመው ያውቃሉ።

«ሌባ ብለሽ አትጀምሪ» ይሉኝ ነበር። «ሰውዬው በየቀኑ ቢሮውን ይከፍታል፤ ጥበቃው ብድግ ይልለታል፤ ሹፌር ይጠብቀዋል። ባለቤቶቹ የሚመጡት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ለስላሳ ጠጥተው ይሄዳሉ። በአምስተኛው ዓመት ቤቱ የራሱ ይመስለዋል። ትልቅ ሰው ነው የሚረሳው፤ አክብረሽ አስታውሺው።»

ቃለ ጉባኤ የሚያነቡት ከመጨረሻው ነበር። መጀመሪያ ፊርማውን፣ ቀጥሎ የተሰብሳቢዎቹን ዝርዝር፣ በመጨረሻ ውሳኔውን። «ውሳኔውን ቀድመሽ ካነበብሽ ፊርማውን የምታይው ተቆጥተሽ ነው» ይላሉ። ስብሰባው የተካሄደበትን አዳራሽ ሳያዩም ስለ ስብሰባው አይጽፉም። አራት መቶ ሰው ተገኝቷል የሚል ቃለ ጉባኤ ሲመጣ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ያለው አዳራሽ ድረስ በሚኒባስ ወስደውኝ ወንበር አስቆጠሩኝ። መቶ ስልሳ ነው። «የቀሩት ተቃቅፈው ተቀምጠው ይሆናል» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል ነገር ሳይታይ። በክሱ ላይም የጻፉት የወንበሩን ቁጥር ብቻ ነው፤ ሌላውን ለዳኛው ተዉለት።

ከሁሉ የሚያጠብቁት ግን የደንበኛን ቃል አያያዝ ነው። ሰውየው የተናገረው በራሱ አነጋገር ይጻፋል፤ ከዚያ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብለታል። መጻፍና ማንበብ ለማይችል ሰው ሁለት ጊዜ ይነበባል።

«ጽጌ፣ እነዚህ ሰዎች ስብሰባ ላይ የሚያሸንፍ ድምፅ የላቸውም። ያላቸው ያዩትና የተናገሩት ነው። እሱን ካበላሸንባቸው ምን ይዘው ይቀርባሉ?»

ይህን ሃያ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለሌላ ሰውም አስተምሬዋለሁ።

ሕግ በኤክስቴንሽን ተምሬ የተመረቅሁት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከየካ ተራራ ግርጌና ከእንጦጦ ዳገት ዘጠኝ ባለአክሲዮኖች መጡ። አብዛኞቹ መሬታቸው ለከተማ ሲገባ ባገኙት ካሳ ከነጋዴዎች ጋር ሆነው የገበያ ሕንፃ የሚሠራ ማኅበር ያቋቋሙ የቀድሞ ገበሬዎች ናቸው። ቦርዱ አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ለራሱ ሰዎች ሊያድል ነው። እንዲህ ለማድረግ ነባሮቹ ባለአክሲዮኖች የመግዛት ቅድሚያቸውን በጉባኤ መተው ነበረባቸው። ቃለ ጉባኤው ትተዋል ይላል፤ «ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነስተው በአንድ ድምፅ አጽድቀዋል»።

የሆነው ሌላ ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ሐሳቡን በጥድፊያ አነበቡና ትንፋሽ ሳይወስዱ «አባታችን፣ ይመርቁን» አሉ። አንድ አዛውንት ቆመው መመረቅ ጀመሩ። አዳራሹ ተነስቶ አሜን አለ። ጸሐፊው አሜኑን ድጋፍ ብሎ ጻፈው።

ከዘጠኙ አንዱ የኔታ ግርማ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ነገሩ የገባቸው ወዲያው ነውና ሆን ብለው ሳይነሱ ቀርተዋል። ቃለ መሐላ መጀመሪያ የጻፍኩት የእሳቸውን ነው። አራተኛው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ምርቃቱ ሲደረግ ተቀምጬ በመቅረት ተቃውሞዬን ገልጫለሁ።» ደስ አለኝ። አዲስ ምሩቅ ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ፍርድ የሚመስል ሆነልኝ። ለሌሎቹም ያንኑ ገልብጬ ስማቸውን እየቀየርኩ ጻፍኩ፤ ከዚያ እያነበብኩላቸው እንደየቃላቸው አረምኩ።

የመጨረሻዋ እማማ ወርቄ ነበሩ። ከእንጦጦ ራጉኤል በታች የሚኖሩ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ የሚያወሩ፣ ቀልደኛ ሴት። ጠዋት ቃላቸውን ስቀበል «ሲመረቅማ ተነሳን፣ አሜን አልን፤ ምርቃት እምቢ ይባላል እንዴ?» ብለውኝ ነበር። ማታ ሊፈርሙ ሲመጡ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ታክሲ በዝናብ ይጠፋል።

«አንቺ ካየሽው ይበቃኛል፤ ዝናቡ ሳይዘጋኝ ልሩጥ፣ ኢንታላ» አሉኝ። ልጅቷ ማለታቸው ነው።

አላነበብኩላቸውም። አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

ረስቼው ነው ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም። ጠዋት «ተነሳን» ሲሉኝ፣ ይህ ክሱን ያላላብናል፣ ኋላ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ አልፌው ነበር። ኋላ የሚባለው አልመጣም፤ እኔም እንዲመጣ አልፈለግሁም። ዘጠኙንም ወረቀት ከነግልባጩ ለጋሽ ታፈሰ አስረከብኳቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ወስደው አነበቧቸው፤ ሰኞ ፈርመው አስገቡ።

የአዲሱ አክሲዮን ምዝገባ ይታገድልን ያልነው ጥያቄ በተሰማበት ቀን የቦርዱ ጠበቃ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይዞ መጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እማማ ወርቄ ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሜን ይላሉ። ዳኛዋ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«እማማ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እንጂ። ነጠላዬም የኔው ነው።»

«ተነስተዋል ማለት ነው?»

«ተነስቻለሁ። ሽማግሌ እየመረቀ ተጎልቼ ልቅር?»

«ታዲያ አልተነሳሁም ብለው በመሐላ ለምን ፈረሙ?»

እማማ ወርቄ ወደ እኛ አዩ። እኔ አንገቴን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ተነሱ።

«ክብርት ዳኛ፣ ጽሑፉ የወጣው ከእኔ ቢሮ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሳቸው አይደለም።»

ዳኛዋ ይህን መዘገቡት፤ ግን አንዱ ሐሰት ከሆነ ዘጠኙም ቃለ መሐላ እምነት አይጣልበትም ብለው እግዱን ከለከሉ። አዲሱ አክሲዮን ተመዘገበ። ዋናው ክርክር ሁለት ዓመት ቆይቶ በዚያው ምክንያት ወደቀ፤ ይግባኙም አላዳነውም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እውነቱ ራሱ ያሸንፍ እንደነበር ነው። ለምርቃት መነሳት ድምፅ መስጠት አይደለም ብሎ መከራከር ይቻል ነበር፤ ጋሽ ታፈሰ ደግሞ ለዚያ የተፈጠሩ ሰው ነበሩ። እኔ ግን እማማ ወርቄ አልተነሱም ብዬ ስለጻፍኩ፣ መነሳታቸው የውሸታቸው ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረባቸው።

ከችሎቱ ስንወጣ የኔታ ግርማ ግቢው ውስጥ ጮኹባቸው።

«አንድ ቃል መያዝ ያቅትሽ ወርቄ? ስምንታችንን ገደል ከተትሽን!»

«ተነሳሽ ወይ አሉኝ፤ ተነሳሁ አልኩ። ምን ልበል?»

«ቢሮ ሌላ፣ ችሎት ሌላ!»

ጋሽ ታፈሰ በመካከላቸው ገብተው እማማ ወርቄን ክንዳቸውን ይዘው እስከ ታክሲው ሸኟቸው። ተመልሰው መጥተው «ጽጌ፣ ሰኞ ቀደም ብለሽ ነይ» አሉኝ።

ሰኞ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር የገባሁት። ጠረጴዛዬ ቦታ ተቀይሯል። ራሳቸው ገፍተውት ነው፤ ወለሉ ላይ የእግሩ ጭረት ይታያል። ኮምፒውተሩ አጠገብ፣ ከእኔ ወንበር ጎን፣ ሁለተኛ ወንበር ተቀምጧል።

«ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን የሚሰጥ ሰው እዚህ ይቀመጣል። ሲጻፍ እያየ፣ ሲነበብ እየሰማ።» ከዚያ የማኅደር ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሰጡኝ። «የቃለ መሐላው ሥራ በሙሉ ያንቺ ነው። እኔ ከእንግዲህ አላያቸውም።»

ልነግራቸው የመጣሁትን ትቼ ቁልፉን ተቀበልኩ። አውቀው ይቅር ብለውኝ ነው? ወይስ እማማ ወርቄ ቃላቸውን የቀየሩ መስሏቸው፣ እኔን ከማንም አስበልጠው አምነውኝ? በዚያ ወንበር ጎን ከዓመት ዓመት ተቀመጥኩ። አንድም ቃለ መሐላ ሁለት ጊዜ ሳላነብ አላስፈረምኩም። ሰዎች ጥንቁቅ ናት ይሉኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የአንድ ዳቦ ቤት ማኅበር ጉዳይ መጣ። ቃለ ጉባኤው «በጭብጨባ ጸደቀ» ይላል። ደንበኛችን ወጣት ጋጋሪ ነበር፤ «አጨብጭቤአለሁ፤ ሰውዬው ንግግሩን ስለጨረሰልን ነው» አለኝ። እንዳለው ጻፍኩት፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛውም ሳቁ። ግን ለንግግር ማብቂያ ማጨብጨብና ድምፅ መስጠት አንድ አይደሉም ብለው ውሳኔውን ሻሩት። በደረጃው ስንወርድ ጋሽ ታፈሰ ቆም አሉ።

«እማማ ወርቄም እንዲህ ሊሉ ነበር» አሉ። ደረጃውን መውረድ ቀጠሉ። እኔም አልጠየቅሁም። ያን ዕለት ብጠይቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ጋሽ ታፈሰ አምና አረፉ። ነጥቧን በእማማ ወርቄ ቃለ መሐላ ግልባጭ ላይ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቅዳሜና እሑድ ሲያነቡ አድርገዋት ከሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩ ጎርብጧቸው ሳይጠይቁኝ አሳልፈዋል ማለት ነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያሉትም ከልባቸው ነው። ከችሎቱ በኋላ አድርገዋት ከሆነ ደግሞ አውቀውኛል፤ ሸፍነውኛል። አጉሊ መነጽር ገዛሁ። የእርሳሱን ቀለም ከሌሎች ነጥቦች ጋር አስተያየሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስል ሰነበትኩና አንድ ጠዋት የማደርገው ነገር አስጠላኝ። የምፈልገው ጋሽ ታፈሰ ከጥፋቱ ግማሹን እንዲወስዱልኝ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያረፈባቸው ሴት በሕይወት አሉ።

እሑድ ግልባጩን በቦርሳዬ ይዤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። እማማ ወርቄን ከበራቸው ሲወጡ አገኘኋቸው፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ትንሽ ቆይተው ለዩኝ።

«የጠበቃው ልጅ! ነይ ኢንታላ» አሉኝ፤ ስልሳ እንዳለፈኝ እየታየ። «እድር ልሄድ ነው፤ እየሄድን እናውራ። እኔ እንኳ የምሄደው መቀጫውን ፈርቼ ነው እንጂ ስብሰባው ላይ አልናገርም።»

«ለምን አይናገሩም?»

«ያቺ የተነሳችው ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ ምርቃት ሲሆንም አልነሳም፤ ጉልበቴን ነው እላለሁ።» ሳቁ። «ደግሞ አላምነውም አፌን። ቢሮ ሌላ ተናግሬ ችሎት ሌላ ተናገርኩ አይደል? አእምሮዬ ነው ብዬ ተውኩት።»

ባሕር ዛፎቹ መሃል ቆምኩ።

«እማማ፣ ቢሮም ተነሳሁ ነው ያሉኝ። አልተነሳሁም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው። ሳላነብልዎት አስፈረምኩዎት።»

መቼም ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ?»

«አዎ።»

«ታፈሰ ያውቅ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔን ግን ታውቂኝ ነበር።» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱት። «እያበድኩ መስሎኝ እኮ ነው የኖርኩት! ለኔ ለብቻዬ ሹክ ብለሽኝ ልትወርጂ ነው? የኔታ ግርማ እዚያ ተቀምጧል። ያው የእድሩ ጸሐፊ እሱ ነው። ቅደሚ።»

ሃምሳ የሚሆን ሰው በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። እማማ ወርቄ «ቃል አለኝ» ሲሉ ሁሉም ዞሮ አያቸው። ግልባጩን አወጣሁና አራተኛውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጠዋት የነገሩኝን፣ ማታ ያደረግሁትን፣ ችሎት ላይ አንገቴን መድፋቴን ተናገርኩ። ስለ ነጥቧ አላነሳሁም። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ» አለች። የኔታ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፤ እንደገና ጠረጉት።

«ወርቄ...» ብለው ጀመሩ።

«ኋላ ትለኛለህ። አሁን ጻፈው» አሉ እማማ ወርቄ።

ወንበራቸውን ጎትተው ከጸሐፊው አጠገብ አስቀመጡ። ማንበብ ባይችሉም ዓይናቸውን ከእስክሪብቶው ጫፍ አልነቀሉም። የኔታ ግርማ ጽፈው ሲጨርሱ እማማ ወርቄ «አንብበው» አሏቸው። አነበቡ።

«ድገመው።»

ደገሙት። እማማ ወርቄ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አውራ ጣታቸውንም ዘረጉ። ቀለሙን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

ስብሰባው ሊዘጋ የእድሩ ሽማግሌ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እማማ ወርቄ ምርኩዛቸውን አጥብቀው ያዙና ተነሱ።